ጠባቡ ባሕርና የመሻገሪያው ሰዓት

የባሕር ጉዞ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ረጅሙን መንገድ ነው፤ ኮሎምቦስ አትላንቲክን መሻገሩን፥ ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ህንድ መድረሱን፥ የማጄላን መርከበኞች ዓለምን መዞራቸውን። ነገር ግን የዓለምን ታሪክ የለወጡት ጉዞዎች ሁሉ ረዣዥም አልነበሩም። እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየው ባሕር በጠበበበት ስፍራ፥ ይኸውም በዶቨር ከተማና ግሪ ኔ በሚባለው በፈረንሳይ የመሬት ጫፍ መካከል፥ ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ካለው መንገድ ያነሰ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን በፈረንሳይ ዳር የቆመ ሰው የዶቨርን ነጭ ገደል በዓይኑ ያያል።

ሆኖም ይህ ጠባብ ባሕር ታላላቅ ጦሮችን አግዷል፤ መርከቦችን ሰባብሯል፤ ብዙ ሺህ ሰውም በልቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን በአራት የታሪክ ምሳሌዎች ማስረዳት ነው። አጭር ባሕር ለመሻገር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ይርቃል?» ብሎ ሳይሆን፥ «የምደርስበት ወደብ ለመርከቤ የሚበቃ ውሃ የሚኖረው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኤሮጳ አቆጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ሙላትና ጉድለት

እኛ የደጋ ልጆች የምናውቀው ወንዝንና ሐይቅን ነው። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነፋሱን ይጠባበቃል እንጂ ስለ ውሃው ከፍታ አይጨነቅም፤ ጧት ታንኳውን ያሰረበት ዳር ማታም እዚያው ነው። ውቅያኖስ ግን እንዲህ አይደለም። ባሕሩ በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። በአንዱ ሙላትና በሚከተለው ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህ ዛሬ በቀትር የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው ከቀትር በኋላ ወደ 50 ደቂቃ ዘግይቶ ነው።

የዚህ ምክንያት በተለይ የጨረቃ፥ ቀጥሎም የፀሐይ ስበት መሆኑን አይዛክ ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ጊዜ ሁለቱ ስበቶች በአንድ መሥመር ስለሚተባበሩ ሙላቱ ከፍ ይላል፥ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ጨረቃ ግማሽ በሆነች ጊዜ ግን ልዩነቱ ያንሳል። ቦታም ይለያያል። በምጽዋ ወደብ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ያህል ነው፤ በአብዛኛው የሜዲቴራኒያን ዳርቻ ከዚያም ያንሳል፤ በዶቨር ስድስት ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በፈረንሳይ ሞን ሳን ሚሼል አጠገብ ደግሞ 13 ሜትር ይደርሳል።

የሚሞላ ባሕር ወደ ላይ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ እንደ ወንዝም ይፈስሳል። በዶቨር ጠባብ ባሕር ውሃው ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ ስድስት ሰዓት ያህል ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሮጣል። በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ሦስት የባሕር ማይልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። አነስተኛ የሸራ ጀልባ በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ብትሄድ መልካም ጉዞ ይባላል። እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሒሳቡን ይሥሩት፤ 20 የባሕር ማይል ለመሻገር አራት ሰዓት ይፈጃል፤ በእነዚህ አራት ሰዓቶች ውሃው በሰዓት ሁለት ማይል ተኩል ወደ ጎን ቢገፋት ጀልባይቱ የምትደርሰው ካሰበችው ወደብ 10 ማይል ርቃ ነው። ስለዚህ ብልህ መርከበኛ ወይም የጀልባውን አፍንጫ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያዘነብላል፥ ወይም ውሃው በመንገዱ እኩሌታ ላይ እንዲዞርለት አድርጎ የመነሻ ሰዓቱን ይመርጣል።

ወደቡም የራሱ ሕግ አለው። በዚያ ባሕር ዳር ብዙ ወደቦች ውሃው ሲጎድል ጭቃና አሸዋ ብቻ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ውሃው እንዳያመልጥ በር የተሠራላቸው ናቸው፤ በሩም የሚከፈተው በሙላት ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። በካሌ ከተማ የሽርሽር ጀልባዎች የሚያድሩበት ስፍራ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚጀመረው ከመድረሻው ነው። የወደቡ በር የሚከፈተው ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን፥ ጉዞውም አራት ሰዓት ቢፈጅ፥ ለሚያጋጥም መዘግየት አንድ ሰዓት ተጨምሮ መነሻው ከጧቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ከዚያም በመነሻው ወደብ በዚያ ሰዓት በቂ ውሃ መኖሩ ይታያል፤ ከሌለም ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ይመስላል። ታሪክ ግን ይህን ሒሳብ የዘነጉት ሰዎች ምን እንዳገኛቸው ይነግረናል።

ዩልዮስ ቄሣር ያላወቃት ጨረቃ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት የሮማው ጦር አዛዥ ዩልዮስ ቄሣር ዛሬ ፈረንሳይ የምትባለውን የጋልያን ምድር አብዛኛውን ካስገበረ በኋላ ወደ ብሪታንያ ለመሻገር አሰበ። ዝግጅት አላጎደለም። ነጋዴዎችን ሰብስቦ ስለ ደሴቲቱ ጠየቀ፤ ግን የሚረባ መልስ አላገኘም። ቮሉሴኑስ የተባለ መኮንን በአንድ የጦር መርከብ ልኮ ዳርቻውን አስመረመረ፤ እርሱም ከመርከቡ ለመውረድ ሳይደፍር በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ቄሣር በ80 ያህል መርከቦች ሁለት ሌጌዎን ጭኖ እኩለ ሌሊት ገደማ ተነሣ። ፈረሰኞቹን የሚጭኑት 18 መርከቦች ግን በሌላ ወደብ ነፋስ ይዟቸው ቀሩ።

ሮማውያን እንደ እኛ ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ይቆጥሩ ነበርና፥ ቄሣር ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ከገደሉ ሥር መድረሱንና እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መልሕቅ ጥሎ የቀሩትን መርከቦች መጠበቁን በራሱ መጽሐፍ ጽፏል። ነፋሱና የባሕሩ ፍሰት በተስማሙለት ጊዜ ሰባት ማይል ያህል ተጉዞ ሜዳ የሆነ ዳርቻ አገኘ። መርከቦቹ ከባድ ስለ ነበሩ ወደ ዳር መቅረብ አልቻሉም፤ ወታደሩም ጋሻና ጦሩን እንደ ያዘ ወደ ጥልቁ ውሃ መዝለል ግድ ሆነበት። ሁሉ ሲያመነታ የዐሥረኛው ሌጌዎን ዓርማ ያዥ ቀድሞ ዘለለ፤ ሌሎቹም ዓርማቸው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ አፍረው ተከተሉት። ሮማውያን መሬት ያዙ።

ነገር ግን ድሉ አራት ቀን እንኳ ሳይሞላው ባሕሩ ተነሣባቸው። ፈረሰኞቹን የጫኑት መርከቦች ከሩቅ ታይተው ሳለ ማዕበል መልሶ በተናቸው። በዚያችው ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ነበረች። የባሕሩ ሙላት እጅግ ከፍ ብሎ ወደ ደረቅ መሬት የተጎተቱትን የጦር መርከቦች በውሃ ሞላቸው፤ በመልሕቅ የቆሙትንም ማዕበሉ እርስ በርሳቸው አላተማቸው። 12 መርከቦች ፈጽመው ጠፉ፤ የቀሩትም በጠፉት መርከቦች እንጨትና ነሐስ ተጠገኑ። ለክረምት ስንቅ ያልያዘ ጦር፥ መመለሻ መርከብ የሌለው ሆኖ፥ በጠላት አገር ሊቀር ጥቂት ቀረው።

ቄሣር ሙሉ ጨረቃ በውቅያኖስ ላይ ታላቅ ሙላት እንደምታመጣ ሰዎቹ አያውቁም ነበር ብሎ ጽፏል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ቄሣር ከአንድ ዓመት በፊት በብረታኝ ዳርቻ ከሚኖሩት ከቬኔቲ ሰዎች ጋር ተዋግቶ ነበር፤ በዚያም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ከተሞቻቸውን እንደሚከብብ አይቷል፥ ጽፏልም። ሙላቱንና ጉድለቱን በዓይኑ አይቷል ማለት ነው፤ ከጨረቃ ጋር ያለውን ዝምድና ግን አልመረመረም። በዚያው በጋልያ ደቡብ ከምትገኘው ከማሳልያ ከተማ (ከዛሬዋ ማርሴይ) የተነሣው ግሪካዊ መርከበኛ ፒቴያስ ደግሞ ከቄሣር ከ250 ዓመት በላይ አስቀድሞ ይህን ዝምድና እንደ ተናገረ ይወሳል። ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ በቄሣር መርከብ ላይ ግን አልነበረም።

በሚከተለው ዓመት ቄሣር ከ800 በላይ መርከቦች ይዞ ተመለሰ። ለመጫንና ወደ ዳር ለመጎተት እንዲመቹ መርከቦቹን ዝቅና ሰፋ አድርጎ አሠራቸው። ጀምበር ስትጠልቅ ተነሣ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ነፋሱ ቆመና የባሕሩ ፍሰት ወሰደው፤ ሲነጋ ብሪታንያ በግራው በኩል ወደ ኋላ ቀርታ አያት። በዚህ ጊዜ ከውሃው ጋር አልታገለም፤ ፍሰቱ እስኪዞር ጠብቆ አብሮት እየቀዘፈ ወዳሰበው ዳርቻ ደረሰ። ሆኖም መርከቦቹን በመልሕቅ ትቶ ወደ ውስጥ ስለ ገባ ማዕበል እንደ ገና 40 ያህሉን አጠፋበት። ከዚያ ወዲያ የቀሩትን ሁሉ ዐሥር ቀን ያህል በፈጀ ድካም ወደ የብስ አስጎትቶ ቅጥር አጠረላቸው።

በሳን ቫለሪ የጠበቀው መስፍን

በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም የእንግሊዝ ዙፋን ይገባኛል ብሎ ጦር አሰባሰበ። መርከቦቹ መጀመሪያ በዲቭ ወንዝ አፍ ተሰብስበው ነበር፤ በመስከረም ወር ወደ ሳን ቫለሪ ተዛወሩ። ይህች ከተማ በሶም ወንዝ አፍ ላይ የምትገኝ ናት። በጉድለት ሰዓት የወንዙ አፍ አሸዋ ስለሚሆን ከዚያ የሚነሣ መርከብ ሙላትን መጠበቅ አለበት፤ ዊልያም ደግሞ ከሙላቱ ሌላ የደቡብ ነፋስ ያስፈልገው ነበር።

ነፋሱ ሁለት ሳምንት ያህል እምቢ አለው። ሠራዊት ስንቅ እየበላ፥ ዝናብ እየመታው፥ ቀኑም ወደ ክረምት እየገሰገሰ መጠበቅ ቀላል አይደለም። መስፍኑ የቅዱስ ቫለሪን ዐፅም በክብር አስወጥቶ ምሕላ አስደረገ። ነገር ግን ነፋስ ሳይኖር ልነሣ አላለም። መዘግየቱም ሳያስበው ጠቀመው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ በጋውን ሙሉ ዳርቻውን ሲያስጠብቅ ቆይቶ ስንቅ ስላለቀበት በመስከረም መጀመሪያ ጦሩን በተነ፤ ከዚያም የኖርዌይ ንጉሥ በሰሜን ስለ ወረረው ወደዚያ ገሥግሦ መስከረም 25 ቀን በስታምፎርድ ብሪጅ ድል አደረገው። ከሁለት ቀን በኋላ ነፋሱ ለዊልያም ዞረ።

መርከቦቹ መስከረም 27 ቀን ማታ ተነሡ። በጨለማ እንዳይጠፋፉ በመስፍኑ መርከብ ምሰሶ ላይ ፋኖስ ተሰቀለ። ሲነጋ ግን የመስፍኑ መርከብ ፈጣን ስለ ነበረች ብቻዋን በባሕር መካከል ተገኘች። ዊልያም አልደነገጠም፤ መልሕቅ አስጥሎ፥ ምግብ አስቀርቦ በላ፤ የቀሩትም ደረሱ ይባላል። መስከረም 28 ቀን በፔቬንሲ ያለ ተቃዋሚ ወረደ፤ ጥቅምት 14 ቀን በሄስቲንግስ ጦርነት ሃሮልድ ሞተ፤ እንግሊዝም በኖርማኖች እጅ ገባች።

ዱንከርክና ትናንሾቹ ጀልባዎች

በግንቦት ወር 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር የእንግሊዝን ሠራዊትና ብዙ የፈረንሳይ ወታደሮችን ከባሕሩ ጋር አጣብቆ ያዛቸው። የቀራቸው ወደብ ዱንከርክ ብቻ ነበር። ይህን ጦር የማውጣት ሥራ በዶቨር ግንብ ሥር በተፈለፈሉ ክፍሎች ውስጥ ለተቀመጠው ለአድሚራል በርትራም ራምዚ ተሰጠ።

ራምዚ ሦስት መንገዶች ነበሩት። አጭሩ 39 የባሕር ማይል ነበር፤ ነገር ግን በካሌ ከነበረው የጀርመን መድፍ ሥር ያልፋል። ሁለተኛው 87 ማይል ነበር። ሦስተኛው 55 ማይል ሲሆን አስቀድሞ ፈንጂ መጥረግ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ አጭሩ መንገድ በቀን የማይኬድበት ሆነ። ወደቡም በቦምብ ነድዶ ነበር። የባሕሩ ዳርቻ ዝርግ በመሆኑ ትልልቆቹ መርከቦች መቅረብ አልቻሉም፤ ወታደሮች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ግንቦት 27 ቀን ሌሊት ካፒቴን ዊልያም ቴናንት ማዕበል ለመከላከል ብቻ የተሠራውን፥ መርከብ እንዲጠጋው ያልታሰበውን የምሥራቁን ጠባብ ድልድይ ሞከረው፤ ሆነለት። ግን እዚያም ባሕሩ ከአራት ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይል ስለ ነበር፥ በጉድለት ሰዓት ወታደሩ በመሰላልና በሳንቃ ወደ መርከቡ ይወርድ ነበር።

ከአሸዋው ዳርቻ የቆሙትን ያወጡት ግን የሽርሽር ጀልባዎች፥ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎችና በቴምዝ ወንዝ ላይ ሰው የሚያመላልሱ አነስተኛ መርከቦች ናቸው። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንደ ተባለው፥ የጦር መርከብ ሊደርስበት ያልቻለውን ቦታ እነርሱ ደረሱበት። እነርሱም ቢሆኑ የሙላቱን ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋ ላይ የቀረች ጀልባ እስከሚመጣው ሙላት ድረስ በአውሮፕላን ፊት ተጋልጣ ትቆይ ነበር።

ከእነዚህ አንዷ «ሳንዳውነር» የተባለች 18 ሜትር የማትሞላ የሽርሽር ጀልባ ነበረች። ባለቤትዋ ቻርልስ ላይቶለር በ1912 ዓ.ም. ከሰጠመችው ከታይታኒክ መርከብ መኮንኖች መካከል ከተረፉት በማዕረግ የሚበልጠው ነው፤ በዚህ ጊዜ ዕድሜው 66 ዓመት ነበር። ባሕር ኃይሉ ጀልባዋን በጠየቀው ጊዜ «እኔው ራሴ እወስዳታለሁ» ብሎ ከልጁና ከአንድ ወጣት ባሕረኛ ጋር ሰኔ 1 ቀን ተሻገረ፤ 130 ያህል ወታደሮች አጭቆ ወደ ራምስጌት ወደብ ተመለሰ። ሥራው ሰኔ 4 ቀን ሲያበቃ 338,226 ሰዎች ተሻግረው ነበር፤ ከ200 በላይ መርከቦችና ጀልባዎችም ሰጥመዋል።

የኖርማንዲ ሒሳብ

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ራምዚ በዚያው ባሕር ላይ የተገላቢጦሹን ጉዞ፥ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ኖርማንዲ የሚሻገርበትን፥ የባሕር ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በዚህ ጊዜ ለጨረቃ የተሰጠው ቦታ ከጄኔራሎች የሚያንስ አልነበረም።

ጀርመኖች በዳርቻው ላይ በሙላት ጊዜ ውሃ የሚሸፍናቸው የብረትና የእንጨት እንቅፋቶች ተክለው ነበር። ስለዚህ የሚወርደው ጦር እንቅፋቶቹ ተገልጠው በሚታዩበት በጉድለት ሰዓት፥ ባሕሩም መሙላት በጀመረ ጊዜ፥ ጎሕ ከቀደደ በኋላ መድረስ ነበረበት። በጃንጥላ ለሚወርዱት ደግሞ የጨረቃ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሚገጥመው በሰኔ ወር በ5፥ በ6 እና በ7 ብቻ ሆነ። የሙላቱን ሰዓት የቀመረው በሊቨርፑል አጠገብ በሚገኘው በቢድስተን የጥናት ቤት ይሠራ የነበረው አርተር ዱድሰን ነው። በጥርስ ጎማዎች የሚሠሩ የሒሳብ መኪናዎችን እያዞረ ቀመረ፤ ምሥጢር እንዳይወጣ የቦታው ስም አልተነገረውም ነበር። ሙላቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ የመውረጃው ሰዓት እንኳ አንድ አልነበረም፤ በምዕራቡ ዳር ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል፥ በምሥራቁ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነበር።

ሰኔ 5 ቀን ለመውረድ ተዘጋጅተው ሳሉ የአየር ጠባይ አዋቂው ጄምስ ስታግ ማዕበል እንደሚመጣ ተናገረ። ጄኔራል አይዘንሃወርም ጉዞውን በአንድ ቀን አዘገየ። ሰኔ 6 ቀን ጦሩ ወረደ። ተስማሚ ሙላት የሚገኝበት ሌላው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር፤ ሰኔ 19 ቀን ደግሞ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ባሕሩን ናጠው። ጦሩ ከእንግሊዝ እየጎተተ ካመጣቸው ሁለት ሰው ሠራሽ ወደቦች አንዱ በዚሁ ማዕበል ፈረሰ።

ያው ባሕር ዛሬ

ዛሬ የሽርሽር ጀልባ ያለው ሰው የሙላት ሰንጠረዥ፥ ካርታ፥ ሞተርና ከሰው ሠራሽ ጨረቃ ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ይዞ ይሻገራል። በቀን ከ400 በላይ መርከቦች የሚመላለሱበት መንገድ በመሆኑ ታላላቆቹ መርከቦች የተወሰነ መሥመር አላቸው፤ ትንሹ ጀልባ ያን መሥመር በቀጥታ አቋርጦ ማለፍ አለበት። ሒሳቡ ግን ያው የጥንቱ ነው። ሙላቱ ለማንም አይጠብቅም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን የመሥራት ዕድል የማይሰጣቸው ሰዎች አሉ። ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሺህ ስደተኞች አየር በተነፋ ቀጭን ጀልባ ይህን ባሕር ሲሻገሩ ኖረዋል። ሰዓቱን፥ ጀልባውንና የሰውን ቁጥር የሚወስነው ገንዘብ የተቀበለው አሻጋሪ ነው እንጂ ተሳፋሪው አይደለም። ኅዳር 24 ቀን 2021 ዓ.ም. በሌሊት ከተነሣች አንዲት ጀልባ ቢያንስ 27 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጠራ ቀን የሚታየው ነጭ ገደል ቅርብ ይመስላል፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለትም ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ቄሣር ኃይል ሳይጎድለው በአንዲት ጨረቃ ተሸነፈ፤ ዊልያም መጠበቅን ስለ ቻለ ደረሰ፤ ራምዚ አጭሩን መንገድ ትቶ ረጅሙን በመምረጡ ሠራዊት አዳነ፤ ዱድሰን በጥናት ቤት ተቀምጦ ለማያውቀው ዳርቻ ትክክለኛውን ሰዓት ነገረ። በክፍል ውስጥ የምንማረው ሒሳብና ጂኦግራፊ ለፈተና ብቻ የሚመስለን ጊዜ አለ፤ በዚህ ባሕር ላይ ግን መደመርና መቀነስ የሰው ሕይወት ነው። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደምንሄድበት ስንነሣ፥ መንገዱ አጭር መስሎ ቢታየንም፥ በመጀመሪያ የምንደርስበትን ወደብ እንመርምር፤ ከዚያም ሰዓቱን ወደ ኋላ እንቁጠር።